አራት ከአስር ላይ የቆመው ምንዛሪ

ጋሽ ትናንት የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ ግን መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያሳቀ ስም ነበር፤ ባለቤቱም ስቆ ተቀብሎታል።

ሥራው እንዲህ ነው። በባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የኛ ገንዘብ ከጎረቤት አገር ገንዘብ ጋር ስንት ለስንት እንደሚመነዘር በየቀኑ ይጽፋል። ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ ጻፈ። የጎረቤቶቻችን ኖት ቀለሙ ሰማያዊ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ሰማያዊው» ነው የሚለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከድንበሩ ቅርንጫፍ ይደወላል፤ «ሰማያዊው ዛሬ ይህን ያህል ገባ» ይሉታል፤ እሱም እጁን በመሐረብ ጠርጎ፣ ብዕሩን ከፍቶ፣ ቀኑንና ዋጋውን በባሕር መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። በስተቀኝ ጥግ «ምርመራ» የምትባል ጠባብ ዓምድ አለች። ስልኩ ሳይደወል ስድስት ሰዓት ከሞላ መመሪያው ግልጽ ነው፤ የትናንቱ ዋጋ ይደገማል፣ በምርመራው ዓምድ ላይ «ግብይት የለም» ተብሎ ይጻፋል።

የስልክ መስመሩ ደግሞ ከሚሠራበት ቀን የሚበላሽበት ይበዛ ነበር። እኛ ከታችኛው ፎቅ ደውለን «ጋሼ፣ ሰማያዊው ዛሬ ስንት ገባ?» ስንለው «ትናንት ነው» ይለናል። በማግሥቱም «ትናንት ነው»። አንድ ቀን አርፍዶ ሳይገባ ሲቀር «ትናንት ዛሬ ቀረ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

የሰው ፌዝ መልሶ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ዓመት ሳይሞላ እኔኑ ወደ እሱ ክፍል አዛወሩኝ። ቅጣት መስሎኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ነበር። ክፍሏ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መሰላል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በግራጫ ጨርቅ የተጠቀለሉ መዝገቦች። አቧራ የሚባል ነገር አይገኝባቸውም። ከፍቼ ሳያቸው ግን ኩርፊያዬ በረደ። ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ፣ ክፍት የተተወ ረድፍ የለ፤ ቁጥሮቹ እንደ ሰልፈኛ ተማሪ ቀጥ ብለው ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የሚያነበው ማን አለ?» አልኩት።

«የሚያነበው ሰው የመጣ ቀን እንዳላፍር ብዬ ነው» አለኝ፣ ብዕሩን እያደረቀ።

ይህን የእጅ ጽሕፈት አንሶላ አጥባ ያስገኘችው ታላቅ እህቱ ናት። እሱ «እትዬ» ይላታል፣ እኔም ከእሱ ሰምቼ እትዬ አልኳት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እሱን ለአክስታቸው አደራ ሰጥታ ድንበር ተሻገረች፤ እዚያ አንድ ሆቴል ልብስ እጥበት ክፍል ተቀጠረች። በየወሩ ከደመወዟ ግማሹን በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ትልክለታለች፤ በዚያ ገንዘብ ደብተር ተገዛ፣ ጫማ ተገዛ፣ ለትምህርት ቤት ተከፈለ። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሲጽፍላት አጣቢዎቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፋ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ታሳይ እንደነበር ራሷ ናት የነገረችኝ። «ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «መስመሩ ግን ሲያምር!»

ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ሠራች። ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉ። መጀመሪያ ድንበሩ ተዘጋ፣ ስልክ ተቆረጠ፣ ዕቃ ማለፍ ቀረ። በአሥረኛው ወር ደግሞ እዚያ ይሠሩ የነበሩ የእኛ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ አገሩን ለቅቀው እንዲወጡ ተባለ። እትዬ አንድ ሻንጣና አንድ የቁጠባ ደብተር ይዛ ገባች። በደብተሩ ላይ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰማያዊ አለ፤ ገንዘቡ ግን እዚያው ባንክ ውስጥ ታግዶ ቀረ፤ በኋላ ድንበሩ ለንግድ ሲከፈትም አልተለቀቀም።

ወንድሟ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጣት፤ ከእሱ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ትዋሰናለች። የሰው ልብስ እየተኮሰች ሃያ ዓመት በዚያች ክፍል ኖረች። የወንድሟ ሚስት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቢሆንም ልጅ ሲታመም እሷ ክፍል ይተኛል፣ እንግዳ ሲመጣ እሷ ክፍል ያድራል፣ የተሰበረ ወንበር ሁሉ እሷ ክፍል ይከመራል። የቁጠባ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሿ ሥር ትይዛለች። ጎረቤቶቿ «እትዬና ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉባታል፣ አብራ ትስቃለች። እኔን ግን አንድ ቀን ለብቻችን ሳለን እንዲህ አለችኝ፦ «ስሠራ የኖርኩት በሰው ቤት፣ ያረጀሁትም በሰው ቤት። አንድ ክፍል ትብቃኝ፤ በራሴ ቤት ልሙት።»

ይህችን ክፍል መርጣ ጨርሳ ነበር። ከገበያው በላይ የተሠራው ሕንፃ ላይ፣ አንደኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ከነመታጠቢያዋ። ዋጋዋ አንድ መቶ ሺህ ነው። በየሳምንቱ በዚያ ስታልፍ ቀና ብላ መስኮቷን ታያለች፤ ሰው ገዝቶ መጋረጃ እንዳይሰቅልበት ነው ፍርሃቷ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ወሬ ይዞ መጣ። ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ያኔ የተባረሩት ሰዎች ቁጠባቸው ሊመለስላቸው ነው። የሚከፈለው በእኛ ባንክ በኩል፣ በእኛ ገንዘብ፣ ሰዎቹ በወጡበት ዕለት በባሕር መዝገቡ ላይ በሰፈረው ምንዛሪ ነው። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

«ጋሼ፣ የሚያነበው ሰው መጣልህ!» ብዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። የዚያን ዓመት መዝገብ አውርጄ ጨርቁን ፈታሁ፣ ቀኑን ፈለግሁ። አራት ከአስር ሳንቲም ለአንድ ሰማያዊ ይላል። በፊቱ ባለው ቀንም አራት ከአስር። ገጹን ገለጥኩ፤ አራት ከአስር፣ አራት ከአስር፣ እስከ ታች።

«እንዴ፣ ያኔ ሰማያዊው እንዴት የረጋ ነበር!» አልኩ።

ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ድንበሩ ተዘግቶ ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስልክ የለም፣ ግብይት የለም። የትናንቱን ነው ስደግም የነበረው።»

«ታዲያ ምርመራው ላይ ለምን አልጻፍክም?»

ወደ ኋላ ገለጠልኝ። ድንበሩ ከተዘጋ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ቀናት በሙሉ «ግብይት የለም» ይላሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ገጹ ያልቃል። ከሚቀጥለው ገጽ ጀምሮ፣ ድንበሩ እስከተከፈተበት እስከ አሥራ አራተኛው ወር ድረስ፣ የምርመራው ዓምድ ነጭ ነው።

«ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነው» አለ። «ድንበሩ መዘጋቱን ያኔ የማያውቅ ሰው ነበር? ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አዲስ ገጽ ነበር፣ ንጹሕ ገጽ። በየረድፉ የለም፣ የለም፣ የለም እያልኩ ማበላሸት አስጠላኝ።»

አልፈርድበትም ማለት አልችልም፤ ፈርጄበታለሁ። ግን ደግሞ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ይጽፋል? የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያረጃል፣ ይሞታል፣ አገር ይለቃል፤ ወረቀቱ ብቻውን ይቀራል። ያኔ ወረቀቱ የሚለው ነገር እውነት ሆኖ ያርፋል።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ይብስ አስደነገጠኝ። ከታችኛው መሳቢያ አንዲት መዳፍ የምታህል ማስታወሻ አወጣ። ድንበሩ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ማታ ከሥራ ሲወጣ በጭነት መኪናዎች መናኸሪያ በኩል እየዞረ ሰማያዊው በሰው እጅ ስንት እንደሚመነዘር ሾፌሮቹን ይጠይቅ ነበር። ማንም አላዘዘው፤ ሳያውቀው ማደር አላስችል ብሎት ነው። በእርሳስ ጽፎታል። በሁለተኛው ወር አምስት፣ በስድስተኛው ወር ሰባት፣ እትዬ ከነሻንጣዋ በገባችበት ዕለት ስምንት ከዘጠና። ድንበሩ ሲከፈት ባንኩ የተቀበለው የመጀመሪያው ዋጋ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ነው።

የስምምነቱን ደንብ ደጋግሜ አነበብኩት። «ግብይት የለም» የተባለ ቀን ከሆነ ድንበሩ ሲከፈት የገባው የመጀመሪያው ዋጋ ይወሰዳል ይላል። ምርመራ የሌለበት ቀን ከሆነ መዝገቡ ያለው ያው ነው። ወረቀት ላይ አሰላሁት። በመዝገቡ ከሄድን የእትዬ ገንዘብ ሃምሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ነው። ያቺ ሁለት ቃል ተጽፋ ቢሆን ኖሮ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አሥር ይሆናል። ወረቀቱን ገፋሁለት፤ አላየውም፤ ለካ በልቡ አስልቶት ጨርሷል።

ወደ ኃላፊው ዘንድ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ሰውዬ፣ ጡረታ ልትወጣ ሰባት ወር ነው የቀረህ» አሉት ኃላፊው። «በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት ይዘህ የጻፍኩት ልክ አይደለም ልትል ነው? ጡረታህን ሊያስቀሩብህ ይችላሉ። ቅሬታ ከመጣ ያኔ ይጠሩሃል። ሳትጠራ አቤት አትበል።»

ወጣና ተቀመጠ። «ቅሬታ ሲመጣ እመሰክራለሁ» አለኝ።

«እትዬስ?»

«እነግራታለሁ። አትፈርሚ እላታለሁ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። የተሰላለትን ያልተቀበለ ሰው ሳይፈርም ወጥቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። የፈረመ ግን ፈረመ። ክፍያው እስኪጀመር አሥራ ሁለት ቀን አለ። በየጠዋቱ «ነገርካት?» እለዋለሁ። አንድ ቀን ራሷን አሟት ነበር፤ አንድ ቀን እንግዳ ነበረ፤ አንድ ቀን ደግሞ «እየተኮሰች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ስንት ዓመቷ ካንጎራጎረች! እንዴት አድርጌ ልንገራት?» አለኝ።

«አንተ ካልቻልክ እኔ ልንገራት» አልኩ፣ ቁጣዬ አናቴ ላይ ወጥቶ።

«ተይ ልጄ። ከእኔ አፍ ትስማው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ይህችን እሺ ነው የማልረሳት። ለሌላው ጊዜ አፌ እንደ ወፍጮ ነው፤ ኃላፊ አልፈራም፣ ዘበኛ አልፈራም። በዚያች ቀን ግን ሽማግሌ ማክበር አማረኝ።

የክፍያው ዕለት የባንኩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሞልቶ ወረፋው ግቢውን ዞሮ ነበር። ስድስት መቶ አርባ ሰው ነው የተመዘገበው። ግማሹ ምርኩዝ ይዟል፤ ግማሹ በሟች ስም የመጣ ልጅ ወይም ሚስት ነው። መድረኩ ሥር ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከፋዩ ተቀምጧል፣ ከአጠገቡ እኔ ባሕር መዝገቡን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ባለጉዳዩ የወጣበትን ቀን ፈልጎ ምንዛሪውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። «አራት ከአስር» እላለሁ። ሰዎቹ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ነው የተባረሩት፤ ስለዚህ ለሁሉም አራት ከአስር ነው። ከሃያኛው ሰው በኋላ የራሴን ድምፅ መስማት አስጠላኝ። አንዳንዱ ራሱን ነቅንቆ ይፈርማል፣ አንዳንዱ ጣራ ጣራ እያየ ይፈርማል። ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ሌላ ሠላሳ ቀን መጠበቅ ይፈራል።

እትዬ ልብሷን እንደ ወረቀት ተኩሳ ለብሳ መጣች። ወንድሟ ክርኗን ይዟታል። በዓይኔ ጠየቅሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። መዝገቡን ትቼ ሄድኩና ጆሮው ሥር «ነገርካት?» አልኩት።

«ወረፋው ረጅም ነው። አሁን እነግራታለሁ» አለኝ።

ከእትዬ ፊት የነበረው ከሲታ ሽማግሌ እዚያ አገር ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። ተራው ደርሶ «አራት ከአስር» ብዬ ሳነብ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን? ምን አልሽ? እኔ በወጣሁበት ሳምንት ሰማያዊው ዘጠኝ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው! ድንበሩን ያሻገሩኝ ሾፌሮች በዚያ ሂሳብ ነው የመነዘሩልኝ! ይህን የጻፈ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ተከፍሎታል። ሌባ!»

ከኋላው የእትዬ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ!» ወደ ፊት ወጣች። «ይህን የጻፈው ወንድሜ ነው! አንሶላ አጥቤ ያስተማርኩት ልጅ ነው። የሰው አምስት ሳንቲም አይነካም። ሌባስ አንተ ነህ፣ ያልሠራኸውን የምትፈልግ!»

ልብስ ሰፊው አልተቆጣም። «እናቴ፣ እርስዎም እዚያ ነበሩ። ስንት ይመነዘር እንደነበር ያውቁታል» አላት።

«እኔ የማውቀው ወንድሜን ነው» አለችው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፎ ሳይፈርም ወጣ። ከኋላ ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዳንዱ ከወረፋው ወጣ። እትዬ ግን ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች፤ ጉንጯ በቁጣ ቀልቷል፤ የቁጠባ ደብተሯን ከላስቲኩ አውጥታ አስቀመጠች። ከፋዩ እኔን አየኝ። «አራት ከአስር» አልኩ። አንብቤዋለሁ፣ አልክድም።

«እትዬ...» አለ ወንድሟ ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ ቀርቦ።

«ዝም በል አንተ» አለችው ሳትዞር። «ስትሰደብ እኔ አለሁልህ።» ከዚያ ወደ ከፋዩ ዞረች። «የት ጋ ነው የሚፈረመው? ሰው ሁሉ ይየኝ።»

አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፤ ደህና አድርጋም ተጫነችው። ወንድሟ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጬ አፍ እንዳለኝ ረሳሁ። ገንዘቡን ስትቀበል በደስታ ነበር። «ትንሽ ስጨምርበት ይሞላል» አለችኝ። «ጉልበቴ ገና ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሳይፈርሙ የወጡት ሁለት መቶ ያህል ነበሩ፣ ልብስ ሰፊው ፊት ሆኖ። ጋሽ ትናንት ሳይጠራ ገባ። መዝገቡንና ማስታወሻዋን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ሁለቱም የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው» አለ።

«ታዲያ የትኛውን እንመን?» አሉት ሰብሳቢው።

«በእርሳስ የተጻፈውን። መዝገቡ ላይ ያለው የትናንቱ እየተደገመ ነው። ግብይት እንዳልነበረ መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኮሚቴው ሾፌሮችም ጠርቶ ሰማ፤ ከወር በኋላ ለሁለት መቶዎቹ በዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ተሰልቶ እንዲከፈላቸው ወሰነ። እሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከጡረታው ግን አንዲት ሳንቲም አልተነካችም፤ ያ ሁሉ ፍርሃት በከንቱ ነበር። ለፈረሙት ሰዎች ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት። ሦስቴም «የተዘጋ ፋይል አይከፈትም» የሚል መልስ መጣ።

የመጨረሻው መልስ የደረሰ ዕለት «አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን አልችልም» አለኝና ወደ እትዬ ክፍል ይዞኝ ገባ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ቆሞ ነገራት። አዲሱን ገጽ፣ ማስታወሻዋን፣ ኃላፊው ያሉትን፣ አሥራ ሁለቱን ቀን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ካውያውን አንስታ ማሳረፊያው ላይ አደረገች።

«ወረፋው ላይ ሳለን ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ሰውየውን ሌባ ስለው፣ ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

ስለ ክፍሏ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ገንዘቡ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ነገ ወደ ልብስ ሰፊው ውሰጂኝ፣ የኔ ልጅ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ቢባልም፣ ልሂድ።» ከዚያ ካውያውን መልሳ አነሳች፤ የሸሚዙ ክንድ ቀርቷት ነበር።

ሄድን። ልብስ ሰፊው በራፉ ላይ ተቀብሎ እጇን ሳመ፣ ወንበር አቀረበ፣ «ይተዉት እናቴ፣ ወንድምዎ ባይመሰክር እኔም ባዶ እጄን እቀር ነበር» አላት። እሷ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። ስንመለስ ከገበያው በላይ በኩል ነበር መንገዳችን። ያ መስኮት መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ቀና ብላ አይታው አለፈች።

ከወንድሟ ጋር ተጣላች ብል እዋሻለሁ። ጠዋት ደህና አደርክ ትለዋለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ሚስቱ ስትታመም ቤቱን ትይዛለች። ያቺን ገንዘብ ለወንድሟ ትንሿ ልጅ ማስተማሪያ አዋለችው። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ከገባች ጀምሮ ወረቀት የተባለ ነገር እጇ ሲገባ የሚያነብላት እሱ ነበር፤ የመብራት ሂሳብ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀበሌ ጥሪ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቷን ይዛ አራት መንገድ አቋርጣ ወደ እኔ ቤት መምጣት ጀመረች። የመጀመሪያውን ቀን ሰው የሌለ መስሎኝ «ጋሼ የለም እንዴ?» አልኳት። «አለ» አለችኝና ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

ጡረታ ወጥቶ ቤት ስለሚውል ስታልፍ ያያታል። ወረቀት ይዛ ብቅ ስትል ከወንበሩ ይነሳና በር ላይ ይቆማል፤ መነጽሩንም ያደርጋል። «ደህና ዋልክ» ብላው ታልፋለች። ማታ ማታ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ዛሬ ምን ነበር ያነበብሽላት?» ይለኛል። «የውሃ ሂሳብ ነው» እለዋለሁ። «ልክ ነበር?» ይላል። «ልክ ነበር ጋሼ» እለዋለሁ። አንጀቴን ይበላኛል፤ ያም ሆኖ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብሆን ወረቀቴን ለእሱ አልሰጥም ነበር።

እንዲህ ሆነው አራት ዓመት ኖሩ። በአራተኛው ዓመት እትዬ ከሆስፒታል የተሰጣትን ወረቀት ይዛ መጣች፤ ከስታ ነበር። ተቀመጠችና «እንዳለ አንብቢልኝ፣ አንዲት ቃል አታስቀሪብኝ» አለችኝ። መሃል ላይ ቆሜ ውሃ ጠጣሁና እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«ለእሱ አትንገሪው» አለችኝ ስትነሳ። ወረቀቱን እኔ ዘንድ ተወችው።

አሁንም እሺ አልኩ። መንገድ ላይ ሲጠይቀኝ የመብራት ሂሳብ ነው አልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ እትዬ በዚያችው ክፍል አረፈች። ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ጋሼ ወደ ቤቴ መጣ። ፂሙን አልተላጨም። «የሆስፒታሉን ወረቀት ክፍሏ ውስጥ አጣሁት፤ አንቺ ዘንድ ይሆናል» አለኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ጣቱን የተጻፈበት ቀን ላይ አደረገ።

«ይህ ቀን ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኩት።

«ሁለት ወር» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ነው እኮ የተኛነው። ስታስል እሰማታለሁ፤ ብርድ ነው እል ነበር።»

ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።